ፋሻ

«ፋሻዋ አልቋል» አለኝ፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ፤
እኔ የማውቀው ፋሻ ጤና ጣቢያ ያለው ነው፣ ቁስል የሚይዝ ከቦ።
«ቁስሏ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣
ከመኪናው ሥር የተኛውን ረዳቱን ሳቅ አነቀው።

ጋራዡ ሽምብጥ ነው፣ ስሙ ደግሞ አበጀ፤
ስሙን አምኜ ገባሁ፣ ስሙ ብሬን ፈጀ።
«በይ ባለቤቱን ጥሪ፣ ዋጋ እንነጋገር።»
«ባለቤቷ ቆማለች፤ ያለህን ተናገር።»
እሱ ግን ዋጋውን ነገረ ለጫኜ፤
ብሩን የቆጠርኩት፣ የከፈልኩት እኔ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ቀረሶ ገፍፌ፣
ከማኅበሩ ጨረታ ያወጣኋት ተሰልፌ፣
ፔጆዬ እኮ ናት።
መራዊና ዳንግላ፣ አምባዛ በበረዶ፣
የሚደርሰው በሷ ነው፣ ተጭኖ ማልዶ።

«ቅዳሜ ነይ» አለኝ። ቅዳሜ ሄድኩኝ።
ሞተሯን ከዋንዛው በሰንሰለት ተሰቅሎ አገኘሁኝ።
ብሎኑ በጣሳ፣ ፒስተኑ በሳፋ፣
ቴስታታዋ በአፍጢሙ ድንጋይ ላይ ተደፋ።
ዕድሜዬን በሙሉ ዓሣ ስከፍት ኖሬ፣
የሷን አንጀት ሳይ ግን ዞርኩኝ አፍሬ።

ቅዳሜ ማክሰኞን፣ ማክሰኞ ቅዳሜን ወለደ፤
ክራንኩ አዲስ አበባ፣ ቶርኖ ቤት፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ሄደ።
«ጓርኒሲዮን ጠፋ»፣ «መብራት የለም»፣ «ልጁ ለቅሶ»፣
«ትናንት ብትመጪ ኖሮ!»፣ «ነገ፤ ክራንኩ ተመልሶ።»
በሦስተኛው ወር ገጠማት።
ሦስት ብሎን ተርፏል። «ይኼስ?» አልኩት።
«ፋብሪካው ለመጠባበቂያ ያበዛል» አለኝ፤ በመሀረቤ ቋጠርኩት።

ሰማያዊ ጭስ እየተፋች እስከ ዓባይ ድልድይ ወሰደችኝ፤
እዚያው መሀሉ ላይ አቃስታ ተወችኝ።
ጣናን የሚያህል ውሃ በስተግራ ተኝቶ፣
ራዲያተሯ ነደደ፣ አንዲት ጠብታ አጥቶ።

ዓባይ ማዶ ጎትተው ለምኒችል ሰጡልኝ።
ገና ኮፈኑን ሲከፍት፣ «ማነው የነካት?» አለኝ።
«አበጀ» ብለው፣ «አበላሸ!» ብሎ ቀጠለው በስድብ፤
እሱም የውሃ ፓምፕ፣ ዘይትና ቺንጊያ አስገዛኝ በድርብ።
ምኒችል። ምን ይችል? ስሙ ገባኝ ያኔማ፤
ጭሷ እንኳ አልቀነሰም፣ ሂሳቡ ግን ለማ።

ታረቀኝ ጋራዥ የለውም።
ወደቡ ዳር፣ ከተፈታ የጀልባ ሞተር ጎን
ደረቅ ዳቦ እየገመጠ ተቀምጧል።
ስሙን ሲነግረኝ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩም።
«ማነው የነካት?» አላለም።
«ባለቤቱን ጥሪ»ም አላለም።
«ከመቆሟ በፊት ምን ትል ነበር?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ጠቅ-ጠቅ፣ ቂም እንደያዘ ሰው፤
አቀበት ላይ ደግሞ፣ ፉጨቷን ሳስመስለው፣
አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ሳቁ፤
እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጆሮዎቹ ብቻ ነቁ።

በአራተኛው ቀን ላከብኝ፤ «ነይና ጉድሽን እይ፤
ፋሻው ተገልብጦ ነው የገባው፣ ታቹ ሆኖ ላይ።»
ሽምብጥ ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ፣
ያ ልጅ የሳቀበት፣
መልሱ በአምስት ወሩ መጣ፤
ቁስሏ እዚህ ጋ ነው።

መሀረቤን ፈታሁ።
ሁለቱ ብሎኖች ቦታቸውን አገኙ፤
ሦስተኛውን አገላበጠ፣ በመዳፉ መዘነው፣
«ይኼ የሷ አይደለም» አለ።

ዛሬም ትንሽ ታጨሳለች። ሽማግሌም ያጨሳል።
ዘይት ስትጠይቅ እሰጣታለሁ፤
ዳንግላ ግን ጎህ ሳይቀድ ትደርሳለች።

ያ ብሎን ከሚዛኔ ጎን ነው፣
የጣና ነፋስ ብሮቼን እንዳይበትን ተጭኗቸው።
መንገድ ዳር ኮፈኗን ከፍታ የቆመች መኪና ባየሁ ቁጥር
ፍሬን እይዛለሁ፤
ማነው የነካት አልልም።
ብሎኑን ከመቀነቴ አወጣና፣
«ይኼ የናንተ ይሆን?» እላለሁ።